ከአዲስ አበባ ዳር ጥሩ ትምህርት ቤት ያለው፣ ለመሃል ከተማ መመላለሻም የማይገድል ሰፈር የት ነው?

የሁለት ልጆች እናት · ሰኔ 14

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ፒያሳ ነበርን። ተከራይተን የኖርንበት ግቢ በኮሪደር ልማቱ ተነሳ፣ ከዚያ ወዲህ ዘመድ ቤት ተጠግተን ነው ያለነው። እስከ ጳጉሜ የራሳችንን ቤት መያዝ አለብን። የመሃል ከተማ ኪራይ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ዳር መውጣታችን ነው።

ባለቤቴ ሥራው ለገሃር ነው። የእኔ ስድስት ኪሎ። ሁለታችንም 2:30 እንገባለን። መኪና የለንም። ትልቁ ልጄ ዘንድሮ 3ኛ ክፍልን ይጨርሳል፣ ትንሿ ኬጂ ልትጀምር ነው። የምናስባቸው ሰሚት፣ አያት፣ ጀሞ፣ ኮዬ ፈጬ እና ለገጣፎ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ኮዬን አይተን መጣን። ባለቤቴ ወዶታል። ቤቱ ሰፊ፣ ኪራዩ ቀላል፣ መንገዱም ያን ያህል አልመረረንም። እኔን የሚያሳስበኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ልጁ አሁን የሚማረው መሃል ከተማ ነው። እዚያው ይቀጥል ወይስ እናዛውረው? የኖራችሁበት ንገሩኝ። የደላላ ወሬ ጠግቤያለሁ።

ታፔላ አንባቢ · ሰኔ 14

እህቴ፣ መጀመሪያ ቅዳሜ የለካሽውን ሰዓት እርሺው። ቅዳሜ ከተማው ሌላ ከተማ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ትምህርት ስለሚዘጋ ጭራሽ አታላይ ናቸው። እኔ ጀሞ የገባሁት ነሐሴ ላይ ነው። ጠዋት ሜክሲኮ በ35 ደቂቃ እደርስ ነበር፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ "ጀሞ እኮ ቅርብ ነው" እያልኩ ከረምኩ። ትምህርት ሲከፈት ያው መንገድ አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ። የተማሪ ሰርቪሱም፣ ልጅ አድራሽ የቤት መኪናውም፣ ሁሉም መካኒሳ ላይ ይገናኛል። ክረምት ተከራይተው መስከረም የሚያለቅሱ ብዙ ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ።

ማታውን ደግሞ ማንም አይነግርሽም። ሜክሲኮ ትሰለፊያለሽ። የታክሲው ታፔላ ጀሞ ይላል፣ ረዳቱ "ሳር ቤት ብቻ!" ይላል። ሳር ቤት ትወርጃለሽ፣ እዚያ "መካኒሳ፣ መካኒሳ" የሚል ትጠብቂያለሽ፣ መካኒሳ ላይ እንደገና። አንዱን መንገድ ለሦስት ቆራርጠው ሦስት ጊዜ ያስከፍሉሻል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ተይውና ስንት ጊዜ እንደምትወርጂ ቁጠሪ። ጀሞ ሌላ ሌላው ደህና ነው፣ ገበያውም፣ ክሊኒኩም፣ ትምህርት ቤቱም ደጅሽ ላይ ነው። ለስድስት ኪሎ ሠራተኛ ግን አልመክርም።

የኮዬ ሰው · ሰኔ 15

ኮዬ ስትነሳ ዝም ማለት አልችልም። ተከራይ ነኝ፣ ከገባሁ 4 ዓመቴ። ባልሽ ልክ ነው፣ ሰሚት ባለ አንድ መኝታ በሚገኝበት ብር እዚህ ሁለት መኝታ ከሰፊ ሳሎን ጋር ታገኛለሽ። ጎረቤቱ ጥሩ ነው፣ ልጆች ብሎኩ ስር ኳስ ይጫወታሉ።

አሁን ሌላውን ልንገርሽ። ልጄን ልክ እንደናንተ "የለመደበት ይቀጥል" ብለን ሳሪስ አካባቢ ከሚማርበት ሳናዛውረው ቀረን። ሰርቪሱ 12:10 ላይ ብሎኩ ስር ይቆማል። ከ11:30 ጀምሮ መቀስቀስ ነው። ጫማውን ሳስርለት ግድግዳውን ተደግፎ ይተኛል። ቁርሱን ጠቅልለን እንሰጠዋለን፣ ሰርቪስ ውስጥ ይበላዋል፣ ካልሆነም እንዳለ ይዞት ይመለሳል። ማታ 12 ሰዓት ይገባል፣ የቤት ሥራው ላይ ተኝቶ እናገኘዋለን። አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት አስተማሪዋ ጠርታን "ልጃችሁ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያንቀላፋል" አለችን። ባለቤቴ መንገድ ላይ አለቀሰች። አሁን በእግሩ 10 ደቂቃ ሄዶ እዚሁ ይማራል። ትምህርት ቤቱ ከድሮው ይበልጣል አልልሽም፣ አይበልጥም። ልጁ ግን ነቅቷል።

እኔ ቃሊቲ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር ለገሃር እገባለሁ። ለባልሽ ይሆነዋል። ለአንቺ ግን እንጃ።

ጥቁር ሰሌዳ · ሰኔ 15

14 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ በመንግሥትም በግልም፣ አብዛኛውን ዳር ሰፈር። ስለ ታክሲው እነሱ ይንገሩሽ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ እኔ ልናገር።

ስሙን ተይው። "ኢንተርናሽናል" የሚል ሰሌዳ ለመስቀል ብረትና ቀለም ይበቃል። ዳር ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ለመኖሪያ የተሠራ ፎቅ ተከራይተው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ በእረፍት ሰዓት ሂጂ። ልጆቹ የት ነው የሚሮጡት? እኔ ከሠራሁባቸው በአንዱ ልጆቹ የሚጫወቱት መኪና ማቆሚያው ላይ ነበር፣ ያውም በፈረቃ። ከዚያ ሽንት ቤቱን እዪ። ሳሙናው ይቅር፣ ውሃ አለ ወይ?

ከዚያ ደብተር እዪ። ቢሮ ውስጥ መርጠው የሚያወጡልሽን አይደለም። በር ላይ ልጇን የምትጠብቅ እናት ጠይቂ፣ ደስ ብሏት ነው የምታሳይሽ። ገጽ ገጹ ስር "ታየ" ተብሎ ከተፈረመና ስህተቱ እንዳለ ከተቀመጠ መምህሩ ብዙ ልጅ ይዞ ጊዜ አጥቷል ማለት ነው። ስህተቱ ተከቦ፣ ልጁም ከስሩ አርሞ ከጻፈው ግን እመኚኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አለ።

ወላጅ የማይጠይቀው ሌላ ነገር አለ። እኛ መምህራንም እንደናንተው ታክሲ ነው የምንጠብቀው። ሩቅ ትምህርት ቤት የተቀጠረ መምህር ለቤቱ ቀረብ ያለ ቦታ ሲያገኝ ኅዳርም ይሁን ጥር ጥሎ ይሄዳል። እኔም ጥዬ ሄጃለሁ፣ አልዋሽም። ልጆቹ በዓመት ሦስት የሒሳብ መምህር ይፈራረቅባቸዋል። ርዕሰ መምህሩን "የ4ኛ ክፍል ሒሳብ ማን ያስተምራል?" በይ። ቀጥለሽ "አምናስ እሱ ነበር?" በይ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ፊቱን ተመልከቺ።

እስከ 12ኛ ያለው ከሆነ ስንት ተፈትኖ ስንት እንዳለፈ በቁጥር ጠይቂ። በመቶኛ አትቀበዪ። በአገር ደረጃ ከተፈተነው ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ መሃል "95 በመቶ አሳለፍን" የሚል በራሪ ወረቀት ካየሽ የስንተኛ ክፍል ፈተና እንደሆነ ጠይቂ።

አሮጌ ቪትዝ · ሰኔ 16

ሁሉም "ቤት አጠገብ" ይላል። እኔ በተቃራኒው ነኝ። ልጅ ቢታመምስ? ልጁ አያት ሆኖ ቢያተኩሰው ለገሃር ያለ አባት ስንት ሰዓት ይደርሳል? የእኔ ልጆች ሃያ ሁለት፣ ከቢሮዬ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ነው የሚማሩት። አንድ ቀን ትንሹ ከደረጃ ወድቆ ደወሉልኝ፣ ደሙ ሳይደርቅ ደረስኩ። ጠዋት መኪና ውስጥ የምናወራውን ያህልም ቤት ውስጥ አናወራም። ከሰሚት አብረን እንወጣለን፣ አብረን እንገባለን። እንቅልፉን መንገድ ላይ ይጨርሱታል።

የኮዬ ሰው · ሰኔ 16

ወንድሜ፣ አንተ እኮ ቪትዝ አለህ። ልጅህ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ይተኛል። የእሷ ልጅ መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሊተኛ ነው?

አሮጌ ቪትዝ · ሰኔ 16

😂 እሱስ ልክ ነህ። የመታመሙን ነገር ግን አስቡበት።

የሁለት ልጆች እናት · ሰኔ 16

የመታመሙ ነገር እኔንም አስጨንቆኛል። አንድ ነገር ሳልጽፍ ረሳሁ፣ እናቴ ከኛው ጋር ናት። ደከም ብትልም ትንቀሳቀሳለች፣ ልጅ ከቅርብ ቦታ ማምጣት ትችላለች።

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ የነገሩኝን ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ።

ታፔላ አንባቢ · ሰኔ 16

ይሄን መጀመሪያ አትነግሪንም?! እናትሽ ቤት ካሉ ነገሩ አለቀ። ትምህርት ቤቱ እማማ በእግራቸው የሚደርሱበት መሆን አለበት። ቤቱን ከዚያ ፈልጊ።

ለገጣፎ ማዶ · ሰኔ 17

ለገጣፎን ማንም አላነሳላትም፣ እኔ ላንሳት። ደስ የምትል ናት፣ አየሩም ግቢውም። ግን አንድ ነገር አውቃችሁ ግቡ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ አዲስ አበባ አይደሉም። ከ2015 ወዲህ ሸገር ከተማ ስር ናቸው፣ ሸገር ደግሞ ኦሮሚያ ነው። ይሄ ለኪራይ ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለትምህርት ቤት ግን ለውጥ አለው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናው የክልሉ ነው። መታወቂያ ላዙር ካልሽ መሸኛ ያስፈልግሻል፣ የአዲስ አበባውንም ትለቂያለሽ።

የእኔ ልጆች ትንንሽ ሆነው ስለመጡ አፋን ኦሮሞውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ ለመዱት። አሁን ሱቅ ስሄድ እኔን ያርሙኛል። አዲስ አበባም ቢሆን አሁን እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፣ ስለዚህ ልጅሽ ባዶ እጁን አይመጣም። ከ4ኛ ክፍል ለሚገባ ግን መጀመሪያው ዓመት አስጠኚ ሳይፈልግ አይቀርም።

ውሃ። የለገዳዲ ግድብ አፍንጫችን ስር ነው፣ ቧንቧችን ግን እንግዳ ነው፣ ሲመጣ ሌሊት ይመጣል። ሮቶ የሌለው ቤት እንዳትገቢ። ይሄ ለየትኛውም ዳር ሰፈር ይሠራል።

የአያት ጫፍ · ሰኔ 17

እስካሁን ማንም ያልተናገረውን ልናገር። አያት የባቡሩ መነሻ ነው። መነሻ መሆኑ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ባቡሩ በ2008 ሥራ ሲጀምር ሁሉም "ባቡር ያለበት ሰፈር" ብሎ ኪራይ ጨመረ፣ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ጣቢያ እኩል አይደለም። አያት ላይ የተሳፈረ ይቀመጣል። መሪ ላይ ከቀናው ይቀመጣል። ሲኤምሲ ላይ የገባ ይቆማል። ጉርድ ሾላ ላይ ያለው በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ያያል።

ለባልሽ አንድ መሳፈር፣ አንድ መውረድ ነው። መገናኛ፣ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤል፣ ስታዲየም፣ ለገሃር። አለቀ። አንቺ መገናኛ ወርደሽ የአራት ኪሎ ታክሲ ትይዣለሽ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ። ባቡር የጠፋ ቀን ደግሞ ሁለታችሁም ጣጣ ነው፣ ያን ቀን አውቶብስ ነው፣ ሰልፉን አልነግርሽም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ደላላ "ከባቡሩ 5 ደቂቃ" ካለሽ በእግርሽ ለኪው። የመጀመሪያው ቤቴ 5 ደቂቃ ተብዬ 25 ሆኖ አገኘሁት፣ ክረምት በጭቃ 35። ሁለት ክረምት ሙሉ ቦቲ አድርጌ ወጥቼ ጣቢያው አጠገብ ያለች ሱቅ አስቀምጬው በቢሮ ጫማ እሳፈር ነበር። ባለ ሱቋ በኋላ የስድስት ሰው ቦቲ መደርደሪያ ላይ ደርድራ ታስቀምጥ ጀመር። ለእያንዳንዳችን በየቀኑ ማስቲካ እየሸጠች።

ጠመኔ በኪሴ · ሰኔ 18

ይቅርታ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ለምን ማንም አያነሳም? የእኔ ልጅ እዚያው ነው። ምገባ አለ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ከተማው ይችላል። ሜዳው የግሉን አምስት እጥፍ ነው። ክፍሉ ይጣበባል፣ አልክድም። የግል ቢሆን ለሰርቪስ የምከፍለውን ብር ግን ለአስጠኚ አውዬዋለሁ፣ ልጄ ከደረጃ አልወጣችም።

ጥቁር ሰሌዳ · ሰኔ 18

እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ልምድ ያለው መምህር የሚገኘው መንግሥት ቤት ነው፣ በተለይ ሒሳብና ሳይንስ ላይ። ከግቢ ግቢ ግን በጣም ይለያያል። ደብተሩን እዚያም እዩ።

ውል አንባቢ · ሰኔ 19

ቤት ስታገኙ የ6 ወር ቅድሚያ ለሚላችሁ አከራይ እጅ አትስጡ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም፣ መመዝገብም አለበት። ለልጅ ትምህርት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዓመት በዓመት ቤት የሚቀይር ወላጅ ትምህርት ቤትም ይቀይራል።

የሁለት ልጆች እናት · ሐምሌ 6

ተመልሼ መጣሁ። ትምህርት ሳይዘጋ ሰኞን ለመያዝ ብለን እሁድ ማታ አያት ጓደኛዬ ቤት አደርን። ጠዋት 12:40 ወጣን። ባቡር ውስጥ ሁለታችንም ተቀመጥን። እኔ መገናኛ ላይ ወረድኩ፣ ለአራት ኪሎ ታክሲ 20 ደቂቃ ተሰለፍኩ፣ 2:15 ስድስት ኪሎ ነበርኩ። ባለቤቴ ለገሃር ደርሶ ሻይ ጠጥቶ ነው የደወለልኝ። ኮዬንም በማግስቱ ሞከረው። ማታ ሲገባ ስለ ኮዬ አላወራም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ትምህርት ቤቶቹን እናቴን ይዤ ዞርኩ። አንደኛው ዘበኛው ከበር አላሳለፈንም፣ "ሰኞ ነይ" አለ፣ ዕለቱ ሰኞ ነበር። ሁለተኛው ያማረ ነው፣ ደረጃው ሁሉ ተረት ተረት የተሳለበት፣ ግን ልጆቹ ሲወጡ አንዲት እናት ያሳየችኝ ደብተር "ታየ፣ ታየ፣ ታየ" ብቻ ነው። ሦስተኛው መሪ ውስጥ ውስጡን ነው። ግድግዳው ቀለም የሚያስፈልገው። አንድ ልጅ ደብተሩን አሳየኝ። 7 ሲባዛ በ8፣ 54 ብሎ ጽፏል። 54ቷ በቀይ ተከባለች። ከስሯ 56፣ 56፣ 56 በእርሳስ፣ ሦስተኛዋ ላይ እርሳሱ ወረቀቱን ቀዶታል። እናቴ ማንበብ ብዙም አትችልም፣ ግን ደብተሩን አይታ "ይሄ ልጅ ተመትቶ ነው?" አለችኝ። ልጁ ሳቀ። "አይ፣ ቲቸር ደግመህ ጻፍ ብላኝ ነው" አለ።

መምህር፣ ሁለተኛውን ጥያቄም ጠይቄያለሁ። "አምናም እሷ ነበረች፣ ቤቷ እዚሁ ጀርባ ነው" አሉኝ።

ቤቱን ከትምህርት ቤቱ ወደ ውጭ እየዞርን ፈለግን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ፣ ሮቶ አለው። ከኮዬው ያንሳል፣ ይወደዳልም። ሶፋችን በበሩ አልገባም፣ ወንድሜ ጋ ላክነው። ባለቤቴ አሁንም ሶፋው ኮዬ ላይ ይገባ ነበር ይላል። ትንሿን እዚያው አጠገብ መንግሥት ቤት ኬጂ አስመዘገብናት።

አሮጌ ቪትዝ · ሐምሌ 6

እንኳን ደስ አላችሁ። መስከረም ላይ እንዳትሰወሪብን፣ እውነቱን ያኔ ነው የምንሰማው።

የሁለት ልጆች እናት · ጥቅምት 4

አልተሰወርኩም። ደክሞኝ ነው። ታፔላ አንባቢ ያልከው ሁሉ ደርሷል። የመገናኛው ሰልፍ ሰኔ ላይ 20 ደቂቃ የነበረው አሁን 40 ነው። ሁለት ጊዜ አርፍጄ አለቃዬ ጠርቶኛል። ማታ ከስድስት ኪሎ ስመለስ አንዳንዴ እስከ መገናኛ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሆነው የሚያዩኝን እየቀደምኩ። ባለቤቴ ደህና ነው፣ ወንበር አለው፣ ያናድደኛል።

ልጁ ጠዋት 1:30 ነው የሚነሳው። ከእናቴ ጋር ይወጣል፣ ትንሿን ኬጂ ያደርሷታል፣ ከዚያ እሱን። ባለፈው ሳምንት አተኩሶት ደወሉላት፣ ነጠላዋን ሳታስተካክል ሄዳ ነው ያመጣችው። እኔ የሰማሁት ማታ ነው። አሁን ቁርሱን ጠቅልላ ባቡር ውስጥ የምትበላው እኔ ነኝ።

የኮዬ ሰው · ጥቅምት 4

ለአለቃሽ 3 ሰዓት ገብተሽ 12 ሰዓት መውጣት ጠይቂ። እኔ በዚያ ነው የዳንኩት። 3 ሰዓት ላይ ለመግባት የሚወጣ ሰው ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው።

የሁለት ልጆች እናት · ጥቅምት 5

ነገ እጠይቀዋለሁ።

አዲስ ገቢ · ጥቅምት 11

ይቅርታ ክሩ ካለፈ በኋላ ነው የመጣሁት። ያ ሕንፃ ላይ ሌላ ባዶ ቤት ይኖር ይሆን? ሦስት ልጆች አሉኝ። ሶፋ የለኝም።